«ምን አመመኝና?» — እርግዝናና የደም ግፊት

በዚህ ወር አምዳችን በእርግዝና ወቅት ስለሚከሰት መጠነኛ የደም ግፊት እናወሳለን።

የነፍሰ ጡር ግፊት በተደጋጋሚ ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ከፍ ብሏል ይባላል። 160 ወይም 110 ከሞላ ደግሞ ለነገ የማይባል አደጋ ነው። በእነዚህ መካከል ያለች እናት ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማትም። «ምን አመመኝና ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ?» ትላለች። ግፊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ጨምሮ ኩላሊትንና ጉበትን ወደሚጎዳው፣ ፕሪኤክላምፕሲያ ወደሚባለው ሕመም ሊለወጥ ይችላል። በየክትትሉ ግፊትንና ሽንትን ማስመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በተለይ ለቆላው እህቶቻችን ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥቶ አንኮበር፣ ከዚያም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መድረስ በምጥ ሰዓት ቀላል አይደለም። ግፊት ያለባት እናት የት እንደምትወልድ አስቀድማ ከባለሙያ ጋር ትመካከር፤ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ካለም ቀኗ ሳይደርስ ትግባ።

መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳል ብለው የሚያቋርጡ አሉ። ሜቲልዶፓና ኒፌዲፒን ለነፍሰ ጡር የሚታዘዙ ናቸው። ኢናላፕሪል ግን ፅንስን ስለሚጎዳ ቀድሞ የምትወስድ እህት ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ ትንገር። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ2,400 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ጥናት፣ የቆየ መጠነኛ ግፊትን ከ140/90 በታች ማድረግ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያን እንደሚቀንስና የሕፃኑን እድገት እንደማይጎዳ አሳይቷል።

ጨው መቀነስ ብቻውን ይህን ግፊት አያድንም። ቢሆንም ቡናን በጨው መጠጣት ለለመድን ለእኛ ልኩን ማወቁ አይከፋም። ጫት ግን ግፊት ስለሚጨምር ጨርሶ ይቅር።

በረመዳን፣ መጾም እሷን ወይም ፅንሱን ይጎዳል ተብሎ ለሚሰጋላት እህት ሸሪዓው ማፍጠርን ፈቅዶላታል። መድኃኒቷን በራሷ ውሳኔ ከማቋረጥ ሐኪምንም ዓሊምንም ትጠይቅ።

ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የፊት ድንገተኛ እብጠት ከታየ በዚያው ቀን ሕክምና ያሻል። ነፍሰ ጡር ስትንቀጠቀጥ «ጂን ነው» ተብሎ የሚባክነው ሰዓት ሕይወት ይቀጥፋል። ሩቅያ በመንገድም ይቀራል፤ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለው መርፌ ግን ያለው በጤና ተቋም ነው። ይህ አደጋ በወሊድ አያበቃም፤ አራስ እናትም በመጀመሪያዎቹ ቀናትና እስከ 6 ሳምንት ድረስ ግፊቷ ሊለካ ይገባል።