ስልቻውን የሚቋጥረው ሞተር

ከሰበታ በጅማ መንገድ ወደ ተፍኪ ሲወርዱ የበቾ ሜዳ ይዘረጋል። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ውሃው ሲሸሽ በመረሬው አፈር ጤፍና ሽምብራ ይበቅላል። በዚያ ጭቃ መኪና ሲቀረቀር ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭቃው ወደ ኋላ ይረጫል፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲገባለት ያው ጉልበት ወደ ፊት ይወስደዋል። በማኅፀን ውስጥ የሚያድግ ነርቭም መንገዱን የሚያገኘው በዚሁ ዘዴ ነው።

ነርቭ ሴል ሲያድግ ክንዱን ይዘረጋል። ከኅብለ ሠረሠር ተነሥቶ እግር ድረስ የሚወርደው ክንድ በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚያድገው ክንድ ጫፍ እንደ መዳፍ የተከፈተ ነው፤ በ1890 (እ.ኤ.አ.) የገለጸው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። መዳፉ አክቲን በሚባል የፕሮቲን ክር የተሞላ ነው፤ የአንዱ ክር ውፍረት 7 ናኖሜትር ያህል ቢሆን ነው። ክሩ በመዳፉ ጠርዝ ላይ ይፈተላል፤ ከኋላ ያለው ማዮሲን ደግሞ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ማዮሲን ሞተር ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻችንን የሚያኮማትረውም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ክሩን ይይዛል፣ ኤቲፒ የተባለውን የሴል ነዳጅ አቃጥሎ ይስባል፣ ለቅቆ ከፊቱ እንደገና ይይዛል፤ ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ሰው ገመዱን በሁለት እጁ እየተቀባበለ እንደሚስበው።

ክሩ ከሥሩ ካለው ወለል ጋር ካልተያያዘ እንደዚያ ጭቃ ወደ ኋላ ይፈስሳል። የሚጨብጠው ነገር ባገኘበት በኩል ግን ይረጋል፣ መዳፉም ወደዚያው ይራመዳል። ነርቭ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚታጠፈው እንዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማዮሲን ሌላ ሥራ አለበት፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝም የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። ከፅንሰት በኋላ በ3ኛው ሳምንት፣ ወደፊት አንጎልና ኅብለ ሠረሠር የሚሆነው አካል ገና ጠፍጣፋ የሴሎች ንጣፍ ነው። ተጠቅልሎ ቱቦ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ሴል በአፉ ዙሪያ የአክቲን መቀነት ታጥቋል። ማዮሲን መቀነቱን ሲስበው የሴሉ አፍ እንደ ስልቻ አፍ ይጠባል፣ ታቹ ሰፊ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ሴል ብቻውን ንጣፉን አያጥፈውም። ጎን ለጎን የተሰለፉት በሙሉ አፋቸውን ሲቋጥሩ ግን ንጣፉ ይጎብጣል፣ ሁለቱ ጠርዞች ተነሥተው ይገናኛሉ። ቱቦው በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ብዙዋ እናት ያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ አላወቀችም።

በታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ስፓይና ቢፊዳ ይሆናል፤ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፣ እግሩም ሽንቱም ላይታዘዝለት ይችላል። በራስ በኩል ካልተዘጋ አንጎል በወጉ አይሠራም፤ ያ ሕፃን አይተርፍም። በትግራይ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ከ10,000 ወሊዶች 131 ያህሉ ይህ ዓይነት ጉዳት እንደነበረባቸው አሳይቷል። ዱቄትን በፎሊክ አሲድ ማበልጸግ ግዴታ ባደረጉ አገሮች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያንሳል።

ፎሊክ አሲድ ምን አገናኘው? ንጣፉ እየታጠፈ ሳለ ሴሎቹ ቶሎ ቶሎ መባዛት አለባቸው፤ ለመባዛት ዲኤንኤ መቅዳት፣ ዲኤንኤ ለመቅዳት ደግሞ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ያስፈልጋል። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ፅንስ የገጠማቸው ሴቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ጉዳቱ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ተፍኪ ሜዳ ላይ የሚበቅለው ሽምብራ ፎሌት አለው፤ 100 ግራም ንፍሮ 170 ማይክሮግራም ገደማ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማርገዝ ላሰበች ሴት የሚመክረው ግን በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በክኒን ነው። ሽምብራው ይበላ፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ኢትዮጵያ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥታለች። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን የበቾ ገበሬ የራሱን ጤፍ ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስፈጫል፤ የፋብሪካ ዱቄት ጓዳው አይደርስም። ጨው የማይገባበት ቤት ግን የለም። አዮዲን በጨው በኩል እንደገባ ሁሉ ፎሊክ አሲድም በዚያው ይግባ የሚሉ ባለሙያዎች ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው፣ ልጅ ለመውለድ ያሰብሽ እህቴ፣ የእርግዝና ክትትል እስክትጀምሪ አትጠብቂ፤ ያኔ 28ኛው ቀን አልፏል። ክኒኑን ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ። ከዚህ ቀደም ቱቦው ያልተዘጋ ፅንስ ገጥሞሽ ከሆነ መጠኑ ከፍ ስለሚል ሐኪም አማክሪ።