ያውቁ ኖሯል? ስድስት ጎረቤት፣ ሦስት መስተዋድድ

በአማርኛ የአገር ስም በአንስታይ ጾታ ይጠራል። «ኬንያ አሸነፈች»፣ «ሱዳን መልስ ሰጠች» እንላለን። ፈረንሳይኛ ግን አገርን ተባዕታይና አንስታይ ብሎ ይለያል፤ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ ሴት፣ ኬንያ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ወንድ። እኛ «በ» ወይም «ወደ» የምንለው ቃልም በዚያው ይለዋወጣል፤ ለሴቷ «አን»፣ ለወንዱ «ኦ»። ጅቡቲ ብቻዋን እንደ ከተማ «አ» ትወስዳለች። እንግዲህ ስድስቱን ጎረቤቶቻችንን ለማዳረስ ሦስት መስተዋድድ ያስፈልጋል።

ሴቷ በምን ትታወቃለች? ብዙውን ጊዜ በስሟ መጨረሻ ተጽፎ በማይነበብ ፊደል። ሜክሲኮ፣ ሞዛምቢክና ካምቦዲያ ግን ፊደሉ እያላቸው ወንድ ናቸው። ኢራንና አንጎላ ደግሞ ወንድ ሆነው ሳለ በአናባቢ ስለሚጀምሩ «አን»ን ይወስዳሉ።

ከተማ ይቀላል። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም ሆነ ፓሪስ «አ» ነው። የእስቴ ሰው «ደብረ ታቦር ሄደ» ብሎ መስተዋድዱን ቢተወው አማርኛው ምንም አይጎድለው፤ በፈረንሳይኛ ግን አይቻልም። ካይሮም ለየት ትላለች፤ ስሟ «ለ ኬር» ስለሆነ «ወደ ካይሮ» ሲባል «ኦ ኬር» ይሆናል።

«መካነ ኢየሱስ» በሚለው ስም ውስጥስ «የ» የት አለ? የግእዙ «መካን» መጨረሻው ወደ «ነ» ሲለወጥ ዝምድናውን አንዲት አናባቢ ተሸከመችው። «ደብር» «ደብረ ታቦር» የሚሆነውም እንዲሁ ነው።

ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ ብሎ የቆጠረ ሰው የፈረንሳይኛን ሦስት አመልካቾች አፉ ላይ ይዟቸዋል፤ «ለ» ለወንድ፣ «ላ» ለሴት፣ «ሌ» ለብዙ። «ለ ሊቭር» አንድ መጽሐፍ ነው፣ «ሌ ሊቭር» ብዙ መጻሕፍት። የብዙ ቁጥሩ ምልክት ቢጻፍም ስለማይነበብ ጆሮ ሁለቱን የሚለየው በአመልካቹ አናባቢ ብቻ ነው። መምህራን ትምህርቱን ከእንግሊዝኛ ሳይሆን ከፊደል ገበታችን ቢጀምሩት ምንኛ በቀለለ!

ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያው፣ አመልካቹን እንደያዘ ለገሃር ሆኖ ቀረ። «ላ» ግን «ለ» ሆናለች።

ፈረንሳዮች «አዲስ አበባ»ን ሲጽፉ «በ»ን እና «ባ»ን በተለያየ አናባቢ ይለያሉ፤ የተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል።

የሚያስቸግረን ግን በ«ኡ» እና በ«ኢ» መካከል ያለው የፈረንሳይኛ ድምፅ ነው፤ ከሰባቱ አናባቢዎቻችን ውስጥ የለም። ረዘም አድርገው «ኢ» ይበሉ፤ ምላስዎን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርዎን ብቻ ያሞጥሙጡ። መጣ! በእርሱ ፈንታ «ኡ» ካሉ «ጎዳና» ሊሉ አስበው «ጎማ» ይላሉ። ይባስ ብሎ «ከላይ» እና «ከታች» የሚለያዩትም በዚህ ድምፅ ነው፤ «ደሱ» በተሞጠሞጠው «ኢ» ከላይ፣ በእኛው «ኡ» ከታች።