ከአንድ ፋይል እስከ 1.1.1.1፦ የቤት ራውተር ዲኤንኤስ ምርጫ ባለፉት አርባ ዓመታት

ብዙ ቤት ውስጥ ራውተር አንዴ ከተተከለ በኋላ ሴቲንጉን ከፍቶ የሚያየው የለም። የዲኤንኤስ አድራሻ የሚጻፈው ግን እዚያው ነው። የድረ ገጽ ስም ስናስገባ ስሙን ወደ አይፒ ቁጥር የሚፈታልን የዲኤንኤስ ሰርቨር ነው፤ የት የት እንደምንገባም ያውቃል። ስለዚህ ምርጫው ከፍጥነት ይልቅ የእምነት ጉዳይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። የኮምፒውተሮቹ ስም ዝርዝር ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ተይዞ ሁሉም ከዚያ ይገለብጥ ነበር። ኔትወርኩ ሲሰፋ ይህ አላዛለቀም፤ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ሥራውን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስ ነደፈ። ኢንተርኔት ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባም ራውተሩ አቅራቢው ድርጅት የሰጠውን አድራሻ በራሱ ጊዜ ይቀበል ጀመር።

በ2006 ኦፕንዲኤንኤስ፣ በ2009 ደግሞ ጎግል በ8.8.8.8 ለማንም ክፍት የሆነ አገልግሎት ጀመሩ። መጋቢት 2014 ቱርክ ትዊተርን ስትዘጋ ይህ ቁጥር በኢስታንቡል ግድግዳዎች ላይ በቀለም ተጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ ጎግል ሰርቨሮች የሚላከው ጥያቄም መሐል መንገድ ላይ መጠለፍ ጀመረ። ጥያቄው ሳይመሰጠር የሚጓዝ ስለነበር አድራሻ መቀየር ብቻውን አላዳነም።

አድራሻውን የሚቀይረው ሁልጊዜ ባለቤቱ ላይሆን ይችላል። ዲኤንኤስቼንጀር የተባለው ማልዌር የኮምፒውተሮችን፣ አልፎም የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ራውተሮችን ዲኤንኤስ ወደ አጭበርባሪዎች ሰርቨር ያዞር ነበር። ኤፍቢአይ በ2011 መረቡን ሲበጥስ ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ 4 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ተጠቅተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የምስጠራ ነው። ክፍት የዲኤንኤስ አገልግሎቶቹ ኳድ9 በ2017፣ የክላውድፍሌር 1.1.1.1 በሚያዝያ 2018 መጡ። በዚያው ዓመት የዲኤንኤስ ጥያቄን በኤችቲቲፒኤስ ውስጥ መላክ የሚያስችለው ደረጃ ወጣ፣ አንድሮይድ 9ም ጥያቄውን የሚመሰጥረውን ፕራይቬት ዲኤንኤስ ይዞ መጣ። በ2020 ፋየርፎክስ አሜሪካ ላሉ ተጠቃሚዎቹ የኤችቲቲፒኤሱን ምስጠራ ቀጥታ አበራው። በዚህ ምክንያት ዛሬ ስልኩ ወይም ብራውዘሩ ራውተሩን ዘሎ ሌላ ሰርቨር ሊጠይቅ ይችላል።

የራውተሩን ዲኤንኤስ መቀየር የሚፈልግ ሰው ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1ን፣ ብራውዘር ላይ ጽፎ ይግባ። መጀመሪያ የአድሚን ፓስወርዱን ይቀይር፤ ቀጥሎ ዲኤችሲፒ በሚለው ገጽ ዋናውንና ሁለተኛውን ዲኤንኤስ ያስገባ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልጆቹን ከወሲብ ገጾች ለመጠበቅ የክላውድፍሌርን ማጣሪያ 1.1.1.3ን አስገብቶ ሁለተኛው ቦታ ላይ 8.8.8.8ን የሚጽፍ አለ። መሣሪያዎች ሁለተኛውንም እንደፈለጉ ስለሚጠይቁ ማጣሪያው ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ትክክለኛው ጥንድ 1.0.0.3 ነው። ከዚያ ሁሉም መሣሪያ ከዋይፋዩ ወጥቶ ይመለስ፣ የየስልኩ ፕራይቬት ዲኤንኤስም ይታይ።

ይህ ሁሉ የተከፈለበትን የመስመር ፍጥነት አይጨምርም፤ የሚያፈጥነው ቢኖር የስም ፍለጋውን ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ ቤተሰቡ በየቀኑ የሚጠይቀውን ማን እንደሚያይበት ባለቤቱ አውቆ ይወስናል። ይህን ውሳኔ ለፋብሪካ ሴቲንግ መተው አይገባም።