ምክንያት ያልተጻፈበት የወንጀል ፍርድ፦ ተረቱና እውነታው

በመቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው በወንጀል ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ እንበል። የውሳኔውን ግልባጭ ሲያነብ የምስክሮች ስም፣ የተጠቀሰበት አንቀጽና «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አስረድቷል» የምትል አንዲት መስመር ብቻ አገኘ። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ሁሉም የየራሱን ይመክረዋል። ከምክሩ ብዙው ግን ከሕጉ ጋር አይገጥምም።

ተረት፦ «ዳኛ ለምን እንዲህ እንደፈረደ የመጻፍ ግዴታ የለበትም።»

እውነታ፦ አለበት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149 ፍርድ የማስረጃውን ጭብጥ ባጭሩ፣ ማስረጃው የታመነበትን ወይም ውድቅ የሆነበትን ምክንያት፣ የተመሠረተበትንም ሕግ እንዲይዝ ያዛል። የምስክሮችን ቃል መገልበጥ ምክንያት መስጠት አይደለም። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች «ሲመታው አይተናል» ካሉ፣ የመከላከያ ምስክሮች ደግሞ «በዚያ ሰዓት ከእኛ ጋር ነበር» ካሉ፣ የእነዚያ ቃል ለምን እንደታመነ፣ የእነዚህ ለምን እንደተጣለ በፍርዱ ላይ መስፈር አለበት።

ተረት፦ «ምክንያት የሌለው ፍርድ ይግባኝ ላይ ወዲያው ይሻራል፤ ተከሳሹም ነፃ ይወጣል።»

እውነታ፦ ብዙ ሰው ተስፋ ያደረገው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያዝነውም እዚሁ ላይ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የስር ፍርዱን ብቻ ሳይሆን ምስክርነቱን ከነመዝገቡ ይመረምራል። ማስረጃው ክሱን በእርግጥ የሚያስረዳ ሆኖ ካገኘው የጎደለውን ሐተታ ራሱ ጽፎ ጥፋተኝነቱን ሊያጸና ይችላል። ካላስረዳ በአንቀጽ 195 መሠረት ሽሮ በነፃ ያሰናብታል። ስለዚህ «ፍርዱ ምክንያት የለውም» ብሎ ማቆም ደካማ ቅሬታ ነው። የትኛው ምስክር ያለው ነገር እንደታለፈ፣ ቢመዘን ኖሮ ውጤቱን እንዴት ይለውጥ እንደነበር ማሳየት ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ይግባኝ የተፈረደበት ሰው መብት ብቻ ነው።»

እውነታ፦ በአንቀጽ 185 ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ይላል። በሁለት መስመር በነፃ የተሰናበተ ተከሳሽ እንደገና መልስ ሰጭ ሆኖ ሊቆም ይችላል፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሽሮ ጉዳዩ ዳግም እንዲታይ የማዘዝ ወይም ራሱ ጥፋተኛ የማለት ሥልጣን አለው። ምክንያቱ በሚገባ የተጻፈ ፍርድ ነፃ ለወጣውም ጋሻ ነው። በሌላ በኩል፣ ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው።

ተረት፦ «ዳኛው በችሎት በቃል ካስረዱ ግልባጩ ቢዘገይም ግድ የለም።»

እውነታ፦ የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን፣ የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ ግልባጩ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ማመልከቻው የሚሞግተው የተጻፈውን ነው። ከአገር ውጭም የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የግሪክ አየር ኃይል መኮንን ጉዳይ፣ የተፈረደበትን ምክንያት የይግባኝ ጊዜው ሳያልፍ ያላወቀ ሰው መብቱ ተጥሷል ብሏል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2007 የተፈረደበት ሰው ምክንያቱ የተብራራ የጽሑፍ ፍርድ ማግኘት እንዳለበት ገልጿል።

ተረት፦ «ሰበር ሌላ ይግባኝ ነው።»

እውነታ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራሉም የክልሉም ሰበር ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። «ምስክሩ ዋሽቷል» የሚል ክርክር እዚያ ቦታ የለውም። «ፍርድ ቤቱ የመከላከያ ማስረጃዬን ሳይመዝን፣ አንቀጽ 149ን ጥሶ ፈረደ» የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ለማንሳት ሰበር እስኪደርሱ መጠበቅ የለብዎትም፤ ከመጀመሪያው የይግባኝ ማመልከቻ ጀምሮ፣ የተዘለለውን ማስረጃ ለይተው ይጻፉት።