የታካሚን መዝገብ የሚያነብና የሚጽፍ ኮድ

ከእጃጂ ጤና ጣቢያ ወደ ጌዶ፣ ከጌዶም ወደ አምቦ በሪፈር የተላከ ታካሚ በነቀምቴ መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ስለ ሕመሙ የሚመሰክርለት አንድ ወረቀት ነው። ስሙ፣ ዕድሜው፣ ያመመው ነገር፣ የተሰጠው መድኃኒትና የላከው ባለሙያ ፊርማ በዚያ ወረቀት ላይ ሰፍረዋል። ሌላው ታሪኩ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ፣ ፎልደሩ ውስጥ እጃጂ ይቀራል። ወረቀቱ ዝናብ ከነካው ወይም ጽሕፈቱ አልነበብ ካለ አምቦ ያለው ሐኪም ጥያቄውን ከሀ ይጀምራል፤ የደም ምርመራውም ይደገማል። ገንዘቡም ጊዜውም የሚወጣው ከታካሚው ነው።

ኮምፒውተር ይህን ያቃልላል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስክሪኑንና ኔትወርኩን ነው። ሁለቱም ኖረው መዝገቡ ግን ላይተላለፍ ይችላል። አንዱ ተቋም ያስቀመጠውን መረጃ ሌላው በሚረዳው ቅርጽ ጽፎ የሚያወጣ፣ ከውጭ የመጣውንም አንብቦ በየቦታው የሚያስቀምጥ ኮድ ያስፈልጋል። ፕሮግራመሮች ላይብረሪ ይሉታል፤ አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠሩት የኮድ ስብስብ ነው።

በአገራችን የጤና መረጃ ሥርዓቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዲኤችአይኤስ 2 በዋናነት ወርኃዊ ሪፖርት ይሰበስባል፤ በአንድ ወረዳ ስንት የወባ ሕሙማን ታከሙ፣ ስንት ሕፃናት ተከተቡ የሚለውን። የሪፖርቱ ወር እንኳ የራሱ ነው፤ ካለፈው ወር 21 ጀምሮ በያዝነው ወር 20 ይዘጋል። በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የመጣው የቤተሰብ ፎልደር ደግሞ በራሱ የሞባይል ሥርዓት እየተመዘገበ ነው። በሆስፒታሎች ውስጥ ቀደም ሲል ስማርትኬር፣ በኋላም በክፍት ኮዱ ኦፕን ኤምአርኤስ ላይ የተሠራው ባሕምኒ ሥራ ላይ ውለዋል። ሁሉም የአንድን ታካሚ መረጃ ሊይዙ ይችላሉ፤ የሚያስቀምጡበት መንገድ ግን ይለያያል።

ለዚህ የጋራ መስፈርት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ኤችኤል ሰቨን የሚባል ድርጅት ያወጣው ሁለተኛው የመልእክት ቅርጽ ዛሬም በብዙ ሆስፒታሎችና የላቦራቶሪ ማሽኖች ይሠራል። መልእክቱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ መስመሮቹ ሦስት ምልክት ባለው መለያ ይጀምራሉ፣ መረጃዎቹም በቋሚ መስመር ይለያያሉ። መለያያዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ የሚናገረው የመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር ራሱ ስለሆነ ጥሩ ላይብረሪ በግምት አይቆራርጥም፤ መጀመሪያ ያንን ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ፋየር የተባለው መስፈርት ደግሞ መዝገቡን ታካሚ፣ ምርመራ፣ ክትባት፣ የመድኃኒት ትእዛዝ እያለ በየክፍሉ ይከፍለውና ጄሰን ወይም ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ ይጽፈዋል።

በጃቫ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የታወቀው ላይብረሪ ሃፒ ይባላል። መነሻው በካናዳ ቶሮንቶ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሄልዝ ኔትወርክ የተባለ የሆስፒታሎች ተቋም ሲሆን ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ሃፒ የፋየርን ጽሑፍ ሲያነብ የማያውቀው መስክ ቢገጥመው ማስጠንቀቂያ መዝግቦ ያልፋል፤ ጥብቅ እንዲሆን ከታዘዘ ግን አልቀበልም ይላል። በእኔ እምነት ሕክምና ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ቢያንስ የመጣው ጽሑፍ እንዳለ ተቀምጦ፣ የተረዳነው ክፍል ከጎኑ መቀመጥ አለበት፤ ዛሬ ያልተረዳነው መስክ ነገ የአንድ ሰው አለርጂ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የቀን ጉዳይ ነው። ፋየር የልደት ቀንን የሚቀበለው በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሰረዝ ተያይዘው። ጥር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. እጃጂ ላይ የተወለደች ሕፃን በለመድነው መንገድ 10/5/2012 ተብላ ትመዘገባለች እንበል። ይህ ሳይሰላ 2012-05-10 ሆኖ ቢወጣ ላይብረሪው አንዳች ስሕተት አያይም፤ ሜይ 10 ቀን 2012 በእርግጥ የነበረ ቀን ነውና። ትክክለኛው ጃንዋሪ 19 ቀን 2020 ነበር። ልጅቱ ዓመት ሞልቷት አምቦ ስትደርስ ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት አልፏታል ይላል። ክብደቷ ከዕድሜዋ ጋር ሲነጻጸር ክፉ የምግብ እጥረት ያለባት ትመስላለች፤ የሚቀራት ክትባትም ጊዜው ያለፈ ይሆናል።

እስቲ እናስላው። ቀናችን በፈረንጅ ቀን ስም ሲላክ ላይብረሪው ሊይዘው የሚችለው ቀኑ በእነርሱ ዘንድ ጭራሽ ከሌለ ነው። 13ኛ ወር ስለሌላቸው አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ይያዛሉ። ሁለተኛው ወራቸው ፌብሩዋሪ በተለመደው ዓመት 28 ቀን ብቻ ስለሆነ ጥቅምት 29 እና 30ም ይያዛሉ። ከዚያ በላይ የለም። ከ365 ቀን ውስጥ 358ቱ ያለ ምንም ተቃውሞ ያልፋሉ። ዓመታችን ከእነርሱ ወደ ኋላ ስለሆነም፣ ገና ያልደረሰ ቀን የሚይዘው ማጣሪያ አይደርስበትም። ላይብረሪውን የጻፉት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም፤ ቀኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መናገር የላኪው ፕሮግራም ግዴታ ነው።

የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰውም አለ። ፋየር ዓመት ብቻ መጻፍን ይፈቅዳል፤ ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ለምሳሌ 1985 ዓ.ም. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1993 ስለሚዘልቅ በሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ ይወድቃል። ጃንዋሪ 1 ብሎ ጽፎ መገላገል ለፕሮግራመሩ ቀላል ነው፤ ግን አንዲት እናት ያልተናገረችውን የልደት ቀን ፈጥሮ መስጠት ነው። ፋየር ተጨማሪ መስክ ማከል ስለሚፈቅድ የተነገረው ዓመት እንደተነገረ፣ ግምት መሆኑ ተጠቅሶ ከተሰላው ጎን ሊጻፍ ይገባል። ጠዋት 2 ሰዓት የተሰጠ መድኃኒትም 8፡00 ሆኖ ካልተጻፈ በሌሊት የተሰጠ ይመስላል።

ስምም ሌላ ጣጣ አለው። መስፈርቱ የቤተሰብ ስም የሚጻፍበት መስክ አለው፤ እኛ ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አያቱን በዚያ መስክ ካስገባን አባትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል፤ ሚስትም በባሏ ስም አትጠራም። ስለዚህ በቤተሰብ ስም ዘመድ የሚያዛምድ ፕሮግራም እዚህ አይሠራም። በምዕራብ ሸዋ የፊደሉ ነገር ይጨመራል፤ ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ በሲ ብቻ ሲጀምር በእንግሊዝኛው ልማድ በሲና ኤች ይጀምራል፣ አንዳንዱ መዝገብ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ይጽፈዋል። ሦስቱም አንዲት ሴት ናቸው። መልእክቱ የተጻፈበት የፊደል ኮድ ካልተገለጸ የግዕዙ ስም የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል። የዲጂታል መታወቂያው የፋይዳ ቁጥር በዚህ በኩል ይረዳል፤ መሠረቱ የሆነው አዋጅ ራሱ በአማርኛው 1284/2015፣ በእንግሊዝኛው 1284/2023 ተብሎ መታወቁ የሁለቱ አቆጣጠር ነገር የት የት እንደሚገባ ያሳያል።

ልኬት ሌላው ነው። የደም ስኳር 5.5 ብቻ ተብሎ አይላክም፤ በሚሊሞል ለሊትር ሲሆን ጤናማ ነው፣ በሚሊግራም ለዴሲሊትር ግን ሰው በሕይወት የሚኖርበት አይደለም። ላይብረሪው ቁጥሩንና መለኪያውን ሳይነጣጥል መጻፍ አለበት።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶችም ሪፈራል ሆስፒታልም አሉት። ሥራው ከመፈተኛ ፋይሎች ሊጀመር ይችላል፤ የእውነተኛ ታካሚ መረጃ ሳይነካ፣ በፈጠራ መዝገቦች። ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ፣ ጥቅምት 30 የተከተበች ሕፃን፣ ዓመቷ ብቻ የሚታወቅ እናት፣ ገና ስም ያልወጣለትና በእናቱ ስም የተመዘገበ አራስ፣ ስሟ በሦስት አጻጻፍ የተቀመጠ አንዲት ሴት። ላይብረሪው እያንዳንዱን ያንብብ፣ መልሶ ይጻፍ፣ የጻፈውንም እንደገና ያንብብ፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል የጠፋ ወይም የተጨመረ ነገር ካለ እዚያው ይታያል። ይህን ሲያልፍ የሚቀጥለው የሪፈር መልሱ ነው፤ አምቦ የተደረገው ምርመራና የታዘዘው መድኃኒት፣ ታካሚው ለክትትል የሚመለስበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ፣ ወደ ላከው የእጃጂ ጤና ባለሙያ።