የመድኃኒት ቤቱ መስኮትና የምክር ቤቱ ክርክር

የምክር ቤት ክርክር ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ይሆነዋል የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ይህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ማጀት አያያዝና ስለ ቤት ንጽሕና የሚጻፍበት ስለሆነ የእንደራሴዎችን ነገር ለፊተኛው ገጽ መተው የተገባ ይመስላል። ዳሩ ግን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ከእንደራሴዎቹ አፍ ደጋግሞ የሚወጣው ጥያቄ የማጀት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የጤና መድን ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሐኪም ቤት በሄደ ጊዜ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ የሚባለው ስለ ምን እንደሆነ ነው። ይህን የሚጠይቅ እንደራሴ የቤት እመቤትን ቋንቋ ይናገራልና እኛም ነገሩን በዚሁ ገጽ ልንጽፈው ወደድን።

ጉዳዩን በአገር ሁሉ ላይ ከመበተን በአንድ ቦታ ማየት ይሻላል፤ ስለዚህ ሱሉልታን እንይ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሰፊ ሜዳ ያላት፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚያነጋባት አገር ናት። በ2015 ዓ.ም. ከቡራዩ፣ ከሰበታና ዋና ከተማውን ከከበቡት ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃላ የሸገር ከተማ ክፍል ሆነች። የባላገሩ ሀብት ላምና ድርቆሽ ነው፤ ወተቱ ሲነጋ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ድርቆሹም በጭነት ይከተለዋል። የውጭ አገር ሰዎች ግን ሱሉልታን የሚያውቋት በሯጮች ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጠው ከፍታዋ ላይ ስመ ጥር የሆኑ ሯጮቻችን ሳንባቸውን ያጠነክራሉ። (ይኸው ብርድ የሕፃኑንና የሽማግሌውን ሳንባ እንደማይምር ደግሞ የአገሩ እናቶች ያውቃሉ።)

በቀድሞው ዘመን ከሱሉልታ የታመመ ሰው ሐኪም ለማግኘት በቃሬዛ ወይም በበቅሎ ሆኖ እንጦጦን ወጥቶ መውረድ ነበረበት። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛውን አከሙ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተጠራውም ሆስፒታል ከዚያ በኋላ ተሠራ። በዚያ ዘመን መድኃኒት ማግኘት እንደ ቸርነት እንጂ እንደ መብት አይቆጠርም ነበር። ምክር ቤቱም ቢሆን በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሲቋቋም አባሎቹ ሕዝብ የመረጣቸው አልነበሩም፤ ስለ ድኻ መድኃኒት ሚኒስትር ጠርቶ የሚጠይቅ እንደራሴ ለማየት ብዙ ዘመን ማለፍ ነበረበት። ራሱን የቻለ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የቆመውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ነው።

ዛሬ ነገሩ በሕግ ተጽፎ ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ለሕዝብ ጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዝዘዋል። በ55ኛው አንቀጽም ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን ባለሥልጣኖች ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ ሚኒስትሩ በእንደራሴዎች ፊት ቀርበው መልስ ሲሰጡ የሚፈጽሙት የሕግ ግዴታ ነው።

ለክርክሩ ሥር የሆነው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከነዚህ አንዱ ኩዩ ነው፤ ከሱሉልታ ተነሥቶ በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪና በፍቼ በኩል ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ በገብረ ጉራቻ ላይ ያገኘዋል። ሐሳቡ ዕድር ለለመደ ሕዝብ እንግዳ አልነበረም። ዕድርተኛው ሞት ሳይመጣ ያዋጣል፤ የመድን አባልም ሕመም ሳይመጣ ያዋጣል። የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ፣ ባላገሩ እህሉን አስገብቶ እጁ ገንዘብ በሚይዝበት ወራት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ስለ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይከፍላል፤ መክፈል ስለማይችለው ድኻ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል፤ የፌዴራል መንግሥትም ድጎማ ይጨምርበታል። ከዚያ በኋላ ያ ቤተ ሰብ መታወቂያውን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ለምርመራም ለመድኃኒትም እንዳይከፍል ቃል ተገብቶለታል። መዋጮው በመጀመሪያ ለአንድ ቤት በዓመት ከ200 ብር በታች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ከፍ ብሏል። ባላገሩ ግን ዋጋው ከፍ ስላለ ብቻ አይቀየምም፤ የሚቀየመው የተገባለት ቃል በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሲሰበር ነው።

አንዲት የሱሉልታ እመቤት እናስብ። ባሏ ደም ብዛት አለበት፤ ሐኪሙም ኪኒኑን ዕለት ዕለት ሳያቋርጥ እንዲውጥ አዝዞታል። በጥር መዋጮዋን ከፍላ መታወቂያዋን አሳድሳለች። በግንቦት ወደ ጤና ጣቢያ ይዛው ትሄዳለች፤ ግፊቱ ይለካል፣ ወረቀቱ ይጻፋል፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደ ቃሉ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ግን ባለመድኃኒቱ ወረቀቱን አይቶ «አደ፣ ይኸ የለንም፤ ከውጭ ይግዙ» ብሎ ይመልስላታል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። እርሷም ከመንገዱ ማዶ ካለው የግል መድኃኒት ቤት ዋጋውን ትጠይቃለች፤ የወሩን ሁሉ መግዛት ስለማትችል የዐሥር ቀን ያህል ትገዛለች። ባልየውም ኪኒኑ እንዳያልቅበት አንድ ቀን እየዘለለ ይውጣል። ደም ብዛት እንደ ንዳድ አያንቀጠቅጥምና ደኅና የሆነ ይመስለዋል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው አንድ ጠዋት ግማሽ ሰውነቱ አልታዘዝ ሲለው ነው። ያን ጊዜ ቤቱ ሠራተኛውን ያጣል፣ እርሷም ላሟን ትሸጣለች። በሚመጣው ጥር ለመድኑ አዋጪ ስትባል ምን እንደምትመልስ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መደርደሪያው ባዶ የሚሆንበትን ምክንያት መመርመር ይገባል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ባለመድኃኒቱን መቆጣት ቀላል ስለሆነ ነው። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ አብዛኛውን መድኃኒት የሚገዙት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን፣ የሚገዙበትም ገንዘብ የሚዞር ገንዘብ ነው፤ መድኃኒቱ ሲወጣ በሚገኘው ዋጋ መልሰው ሌላ ይገዛሉ። በእጁ የሚከፍል በሽተኛ ዋጋውን ያንጊዜውን ያስገባል። የመድን አባል ግን ሲታከም የሚከፍለው የለም፤ ሐኪም ቤቱ ሒሳቡን ጽፎ ለመድኑ ይልካል፣ መድኑም መርምሮ ይከፍላል። ይህ ክፍያ ወራት የዘገየ እንደሆነ ሐኪም ቤቱ መድኃኒቱን አውጥቶ ገንዘቡን ያላገኘ ነጋዴ ይሆናል፤ ወደ አቅራቢው ሄዶ የሚገዛበት አይኖረውም፤ አቅራቢውም ዕዳው ሲከማችበት ከውጭ አገር ለማዘዝ ይቸገራል። በዚህ ዓይነት የመድን አባል እየበዛ በሄደ መጠን፣ ክፍያው ካልተፋጠነ በቀር፣ መደርደሪያው እየሳሳ ይሄዳል። በእኛ አስተያየት የክርክሩ ሁሉ እምብርት ይኸ ነው፤ ነገር ግን በምክር ቤቱ ከሌላው ነገር ይልቅ ጥቂት ጊዜ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

በዚህ ላይ ከውጭ የመጡ ችግሮች ተጨምረዋል። የምንጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር ወደ ላይ ወጣ፤ ለመድኃኒት መግዣ የሚወጣውም ብር አብሮ ከበደ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ ደመወዝ ያገኙ የነበሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. በአቡጃ ተሰብስበው ከመንግሥታቸው በጀት ከመቶ 15 እጁን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። አገራችንም እንደ ብዙዎቹ እዚያ ልክ አልደረሰችም።

የመድኃኒትን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ የድኻ አገር ጥያቄ ብቻ እንዳይመስለን። የእንግሊዝ መንግሥት በሰኔ 1940 ዓ.ም. ለሕዝቡ ሁሉ ያለ ክፍያ ሕክምና የሚሰጥ ድርጅት አቆመ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ገንዘቡ አልበቃ ብሎ በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ እንዲጣል ሐሳብ ቀረበ፤ ድርጅቱን ያቋቋሙት ሚኒስትር አነይሪን ቤቫን ይህን ተቃውመው በ1943 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዘመናችንም የጋና የጤና መድን ለሐኪም ቤቶች የሚከፍለውን በማዘግየቱ ብዙ ተወቅሷል፤ የጋና ሕዝብ ግን በሸቀጥ ላይ ከሚከፈለው ግብር አንድ ክፍል ለመድኑ ብቻ እንዲውል በሕግ ወስኖለታል። ይህን እንደራሴዎቻችን ቢያዩት አይከፋም።

የኛ ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅን ተከራክሮ አጽድቋል። በዚያ ክርክር ብዙ ጆሮ የሳበው ልጅ ላጡ ባልና ሚስት በሐኪም ጥበብ ፅንስ ስለማስገኘትና በመሣሪያ ስለሚተነፍስ በሽተኛ የተነገረው ነበር። እነዚህ ከባድ የኅሊና ጉዳዮች ናቸው፤ በጥንቃቄ መመርመራቸውም መልካም ነው። ዳሩ ግን ስለ መተንፈሻ መሣሪያ የሚከራከር ሸንጎ ስለ ደም ብዛት ኪኒን መደርደሪያም ያንኑ ያህል ቢሟገት እንወዳለን። በሚኒስቴሩ መግለጫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የአገር አማካይ ነው፤ ይህን ያህል ሚሊዮን አባል ተመዘገበ፣ ከመቶ ይህን ያህሉ መድኃኒት ተገኘ ይባላል። አማካይ ግን መስኮት የለውም። በአንዱ ሐኪም ቤት የተትረፈረፈው በሌላው የጠፋውን ይሸፍነዋል።

ስለ እውነት የተሠራውን መካድ አይገባም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከሚወልዱት እናቶች መካከል በሐኪም ቤት የወለዱት ከመቶ 5 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ሆኑ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች በ1992ቱ ጥናት ከ100,000 ሕያዋን ልደት 871 ሲሆኑ በ2008ቱ 412 ሆነዋል። ይህን ያደረጉት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች፣ አዋላጆች፣ ነርሶችና ሐኪሞች ናቸው። እነዚሁ ሠራተኞች የራሳቸው ቤትና ልጅ አላቸው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ ሆስፒታሎች ደመወዛችን ቤታችንን አላኖረልንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ ከነርሱም የታሰሩ ነበሩ። ልጁን ማሳደር ያልቻለ አዋላጅ ሌሊቱን ሙሉ በሰው ልጅ ላይ እንዲተጋ መጠየቅ ከባድ ነው፤ ስለዚህ የደመወዙ ነገር ከመድኃኒቱ ነገር ተለይቶ የሚታይ አይመስለንም።

ወደ ሱሉልታ እንመለስ። የመድኑ ሥርዓት በሽተኛው ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ ሪፈር የሚባለውን ወረቀት እየያዘ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ሆስፒታል እንዲወጣ ያዝዛል። ለሱሉልታ ሰው ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ከእንጦጦ ማዶ፣ በሌላ አስተዳደር ውስጥ ናቸው። መድኑ የሚከፍለው ውል ላለው ሐኪም ቤት ብቻ ነውና፣ ሪፈር ያልያዘ ወይም ውል ወደሌለበት የሄደ ቤተ ሰብ ሒሳቡን ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ቤተ ሰቦች መታወቂያውን በጊዜው እንዲያሳድሱ፣ ሪፈሩንም ሳይዙ እንዳይነሡ እንመክራለን። መድኃኒቱ የለም በተባሉ ጊዜም ይኸው በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ማኅተም እንዲደረግበት ይጠይቁ፤ መድኑ በአንዳንድ ቦታ ከቀይ መስቀል፣ ከከነማ ወይም ከማኅበረሰብ መድኃኒት ቤት ጋር ውል ስላለው ወዴት እንደሚሄዱም ይጠይቁ።

ለእንደራሴዎቹ የምናቀርበውም ጥያቄ ከዚሁ ወረቀት አይርቅም። በዚሁ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረና ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋ፣ የገባውንና የወጣውን መድኃኒት በሰነድ የሚቆጣጠር የሒሳብ አያያዝ አለ። ስለዚህ ቋሚ ኮሚቴው ወደ ሐኪም ቤቶች ለጉብኝት ሲወጣ የአዳዲሶቹን ሕንፃዎች በር ከማየቱ በፊት መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ባለፈው ወር ከመድን አባሎች የቀረበው ማዘዣ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱም የለም ተብሎ እንደተመለሰ፣ መድኑም ለዚያ ሐኪም ቤት የስንት ወር ሒሳብ እንዳልከፈለ ቁጥሩን ይጠይቅ፤ ያንንም ቁጥር ሚኒስትሩ በሚመጣው ጊዜ በምክር ቤቱ ሲቀርቡ በእያንዳንዱ ወረዳ ስም ያንብብላቸው።