ከዛፍ በሰላም ለመውረድ፦ የትኛው መውረጃ ለማን ይሆናል?

ላስ ቬጋስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በረሃና መብራት ነው። እስከ 2021 መጨረሻ ማካረን ይባል የነበረው ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያም ከባሕር ጠለል በላይ 660 ሜትር ገደማ በሆነ ደረቅ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ግን ራሱን በቻርልስተን ተራራ ጥዶች መካከል ያገኘዋል። በተራራው ላይ ያለው መንደር ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል፤ አየሩም ለሐበሻ የሚስማማ ነው። ዛፍ በገመድ መውጣትን መዝናኛው ያደረገ መንገደኛ ሻንጣውን ከመሸከፉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ በምን እወርዳለሁ?

ዛፍ በገመድ መውጣት ለረጅም ጊዜ የቅርንጫፍ ቆራጮች ሥራ ነበር። በ1983 ፒተር ጄንኪንስ የተባለ የዛፍ ባለሙያ በአትላንታ ማኅበር መሥርቶ ለማንኛውም ሰው ማስተማር ከጀመረ ወዲህ መዝናኛም ሆኗል። ገመድ ይዞ መውጣትና መውረድ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ አረጋዊ ወደ መሠረቱት ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ተይዞ ነው። እንግዳው አንዱን ገመድ በእጁ ይይዛል፤ ሁለተኛው በወገቡ ታስሮ መነኮሳቱ ከላይ ይስቡታል። እጅ ቢዝል ወገቡ ላይ ያለው ገመድ ያድናል። መውረጃ መሣሪያ ሲመረጥም ከዋጋና ከመልክ በፊት መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ እጄን ብለቅ ምን ይሆናል?

የመውረጃ ሥራ ፍሬን መሆን ነው። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው 20 ሜትር ሲወርድ ወደ 14,000 ጁል የሚጠጋ ኃይል በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህም ከሲኒ ያነሰ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በመሣሪያውና በገመዱ ላይ ነው። ናይለን ደግሞ ሲግል ይቀልጣል። ስለዚህ በማንኛውም መሣሪያ ቀስ ብሎ መውረድ ግዴታ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ቀላሉ ባለ ስምንት ቅርጹ ብረት ነው። የገመዱ እጥፋት በትልቁ ቀለበት ውስጥ ያልፍና በትንሹ ቀለበት አንገት ላይ ይጠለቃል፤ ትንሹ ቀለበት በካራቢነር (በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ከመታጠቂያው ጋር ይያያዛል። የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ወፍራም ገመድም ይቀበላል። ነገር ግን ገመዱን ያጠማዝዘዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅ ከተለቀቀ አያቆምም። ድንጋይ ወጪዎች የሚይዙት ሁለት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ገመድ ባያጠማዝዝም እሱም በራሱ አይቆምም። ከሁለቱ አንዱን የሚጠቀም ሰው ከመሣሪያው በታች በቀጭን ገመድ የተጠመጠመ መያዣ ቋጠሮ ማድረግ አለበት። እጅ ሲለቀው ቋጠሮው ገመዱን ጨምቆ ይይዛል።

ሁለተኛው ወገን በራሱ የሚቆመው ነው። የፈረንሳዩ ፔትዝል ኩባንያ በ1991 ያወጣው ግሪግሪ በውስጡ የሚዞር ክፍል አለው፤ ክብደት ሲያርፍበት ዞሮ ገመዱን ይቆነጥጣል። ለመውረድ እጀታው በቀስታ ይሳባል፤ ሌላው እጅ የገመዱን ጭራ አይለቅም። አደጋው የሚመጣው በድንጋጤ ነው፤ የፈራ ሰው እጀታውን ይበልጥ ይጎትታል፣ መሣሪያውም ይበልጥ ይለቃል። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ሞዴሎች እጀታው ከልክ በላይ ሲሳብ የሚያቆም መቆለፊያ ተጨምሮላቸዋል። ግሪግሪ የሚቀበለው እስከ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ነው። የዛፍ ባለሙያዎች ገመድ ግን ብዙ ጊዜ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ በግድ ቢገባም በትክክል አይሠራም። በመሣሪያው አካል ላይ የተቀረጸውን የገመድ ልክ ሳያነቡ መግዛት ገንዘብንም ሕይወትንም ያስከፍላል።

ሦስተኛው የዛፍ ሰዎች የራሳቸው መንገድ ነው፦ ቋጠሮ። ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 ካስተዋወቀው ቋጠሮ ጀምሮ በ1990ዎቹ እስከታወቀው የብሌክ ቋጠሮ ድረስ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ይይዛል፣ ከላይ በእጅ ሲጫኑት ይንሸራተታል። በአንድ ቋጠሮ ይወጣል፣ ይወረዳል፣ መካከል ላይም ይታረፋል። ፔትዝል ዚግዛግ ብሎ የሰየመው መሣሪያም ይህንኑ ቋጠሮ በብረት ሰንሰለት የተካ ነው፤ ምቹ ቢሆንም ውድ ነው።

ከመሣሪያው እኩል መታየት ያለበት ገመዱ የተዘረጋበት መንገድ ነው። ገመዱ ቅርንጫፍ ላይ ተሻግሮ አንዱ ጫፍ መታጠቂያ ላይ ከታሰረ (እጥፍ ገመድ የሚባለው) ቋጠሮው የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ስለሆነ በቀላሉ ይንሸራተታል። ገመዱ ከላይ ታስሮ በነጠላ ከተንጠለጠለ ግን ሙሉው ክብደት ያርፍበታል፤ በዚህ ጊዜ ተራ ቋጠሮ ብቻውን ወይ ተቆልፎ እምቢ ይላል፣ ወይ ይቃጠላል። በነጠላ ገመድ ላይ ስለዚህ በራሱ የሚቆም ብረት ይሻላል።

ከአውሮፕላን የወረደ ዕቃ ሳይፈተሽ ዛፍ ላይ አይወጣም። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት እየዳሰሱ የሳሳ፣ የደደረ ወይም የተቃጠለ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። የባትሪ አሲድ ናይለንን ስለሚበላ ገመድ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከባትሪ ጋር አይቀመጥም። ከዚያ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው ተንጠልጥለው እጅዎን ይልቀቁ፤ መሣሪያው ካልያዘዎት ከፍ ብለው አይሂዱ። የገመዱ ጫፍ በቋጠሮ ይዘጋ፣ ረጅም ፀጉርና ሻርፕ ይጠቅለል፣ ሄልሜት አይረሳ። ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይልጥ መከላከያ ይደረግለት። በቻርልስተን ተራራ መውጣት የት እንደሚፈቀድ የደን አስተዳደሩን ይጠይቁ፤ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸውን ጥንታዊ ጥዶች ግን ከነጭራሹ አይንኩ።

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፦ በእጥፍ ገመድ ላይ የብሌክ ቋጠሮን ከአስተማሪ ይማሩ፤ ወደ ነጠላ ገመድ ሲሸጋገሩ በራሱ የሚቆም፣ ልኩ ከገመድዎ ጋር የሚገጥም መሣሪያ ይግዙ። ባለ ስምንቱን በመያዣ ቋጠሮ ካልታገዘ በቀር አይመኑት።